ዕቃ በመኪና ይሄዳል እንጂ አያድርም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ሦስቱ በመኪና ውስጥ የሚጠራቀመውን ዕቃ የሚመለከቱ ስለሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚጠይቅ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲሆን የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ ለመግባት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ከቤት መውጣት ስላለብኝ ልጆቹ ቁርሳቸውን የሚበሉት መኪና ውስጥ ነው። መኪናችን ቶዮታ ቪትዝ ናት። እሑድ እሑድ ጠርጌና ወልውዬ አስተካክላታለሁ፤ ረቡዕ ሲደርስ ግን የዳቦ ፍርፋሪ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የልጆቹ ሹራብ፣ የባለቤቴ ወረቀትና ከገበያ የተረፈ ፌስታል ሞልቶባት አገኛታለሁ። ከወንበር ጀርባ የሚንጠለጠል ባለብዙ ኪስ ማስቀመጫ ብገዛም እሱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጨናነቀ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሃይላንድ ከኋላ ተንከባልሎ እግሬ ሥር ገባና ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ አልወርድ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ከፊቴ መኪና ስላልነበረ በእግሬ ገፍቼ አስወጣሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ የጽዳት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። መልሳችንን ከዚያ ሃይላንድ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ለነገ የማይባለው እሱ ብቻ ነው። በፍሬን ፔዳሉና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ክዳኑ የተገጠመ፣ ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ደግሞ ሲረገጥ እንደ ባዶው አይጨማደድም፤ ውሃ ተጨንቆ የማያንስ ነገር ስለሆነ ፔዳሉን እንደ ጉቶ ደግፎ ይይዘዋል። ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በሹፌሩ እግር ሥርም ሆነ ከሹፌሩ ወንበር በታች አንድም ዕቃ እንዳይቀመጥ ይሁን። ጃንጥላ፣ ተቀያሪ ጫማ፣ እሳት ማጥፊያ፣ የመስታወት መወልወያ ጨርቅ፣ ሁሉም ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው። የልጆቹ የውሃ መያዣም ከጉልበታቸው አጠገብ፣ በበሩ ኪስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ እንጂ ወንበር ላይ የሚጋደም መሆን የለበትም። አያድርገውና ተመሳሳይ ነገር ዳግመኛ ቢገጥምዎት፣ ለማንሳት ወደ ታች አያጎንብሱ፤ ዓይንዎን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳቡ ወደ ዳር ይውጡ።

ወደ እግር ሥር ከተመለከትን ዘንድ ምንጣፉንም እንይ። በከተማችን ብዙ ሰው መኪናው ይዞት በመጣው ምንጣፍ ላይ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ ሌላ የጎማ ምንጣፍ ይደርባል። የላይኛው ከወለሉ ጋር የሚይዘው ነገር ስለሌለ እያደር ወደፊት ይሸሽና ጫፉ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ሊይዝ ይችላል። ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን ለማስተካከል መልሶ የጠራው ምንጣፉ የነዳጅ ፔዳሉን ሊያጣብቅ ይችላል በሚል ምክንያት ነበር። በሹፌሩ በኩል አንድ ምንጣፍ ብቻ ይኑር፤ እሱም በወለሉ ላይ ካለው መያዣ ጋር የተያያዘ ይሁን።

ልቅ የሆነ ዕቃ አደጋው እግር ሥር ብቻ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ቀጥ ቢል፣ በውስጡ ያልታሰረው ሁሉ በዚያው ፍጥነት ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። ይህ ፍጥነት አንድ ዕቃ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ አካባቢ፣ ተለቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ከኋላው መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ወይም የብረት ምሳ ዕቃ ከዚያ ከፍታ በልጅ ጭንቅላት ላይ ሲወድቅ ማሰብ ይበቃል። ከባድ ዕቃ ቦታው ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ተጠግቶ፣ ወይም ከኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ጋር ተጣብቆ ነው። ዳሽቦርዱ ደግሞ ፈጽሞ ባዶ ይሁን። በተሳፋሪው በኩል ኤርባጉ የሚወጣው ከዚያው ስለሆነ በላዩ የተቀመጠ የሶፍት ካርቶን ወይም ጌጥ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባነሰ ጊዜ ወደ ተቀመጠው ሰው ፊት ይወረወራል። የባለቤትዎ ነጭ ወረቀቶችም በፊት መስታወቱ ላይ ጥላቸውን እየጣሉ እይታን ይጋርዳሉ፤ በተለይ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። እሑድ ያጸዷት መኪና ረቡዕ የምትሞላው እርስዎ ስላልተጉ አይደለም። ወደ መኪናው ዕቃ የሚያስገባ ሰው አራት ሲሆን የሚያስወጣው ግን አንድ፣ እሱም በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ነው። የገዙት ማስቀመጫም ያልረዳዎት በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። ኪስ የተሰጠው ዕቃ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው፤ ካደረ ደግሞ ይረሳል። እኛ የምናምንበት ደንብ አንድ ነው፦ ዕቃ በመኪና ይሄዳል እንጂ አያድርም።

ይህን ደንብ በቤትዎ ለማዋል አንድ ዘንቢል ይበቃል። ሰፋ ያለና አፉ የሚከደን ዘንቢል በቤቱ በር አጠገብ ይቀመጥ። ማታ የልጆቹ ሹራብ፣ የቤት ሥራ ደብተራቸው፣ የባለቤትዎ ፋይል፣ ለሰው የሚመለስ ሳህን፣ ነገ መንገደኛ የሆነ ሁሉ በእሱ ውስጥ ይግባ። ጠዋት ዘንቢሉ ከሰዎቹ ጋር ይሳፈርና ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ማታ ደግሞ ከሰዎቹ ጋር ይውረድ። በቀኑ ውስጥ የተገዛም፣ ከልጅ እጅ የወደቀም፣ የተሰጠም ነገር ወደ እሱ ብቻ ይገባል። ዘንቢሉ ሲሞላ ጠግቧልና ሌላ ዕቃ መጨመር ያበቃል፤ የወንበር ኪስ ግን ሲሞላ ወንበሩ ይቀጥላል፣ ከወንበሩ ወለሉ ይቀጥላል።

ማታ ቤት ስትደርሱ የግቢው በር እስኪከፈት ያለችው አንድ ደቂቃ ለዚህ ሥራ ትበቃለች። እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ እግር ሥርና ከወንበሩ ጎን ያለውን ያንሳ፤ ሞተር ሲጠፋ ማንም ባዶ እጁን አይውረድ። የአራት ዓመት ልጅ የራሱን የውሃ መያዣና ሹራብ ይዞ መውረድ ይችላል። ባለቤትዎም በዚህ ደንብ ውስጥ ናቸው። ወረቀታቸው ከእሳቸው ጋር እንዲወርድ ከልጆቹ ፊት ሳይሆን ብቻቸውን ሲሆኑ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል፤ ልጆች አባታቸው ሲያደርግ ያዩትን ያደርጋሉ።

ስለ ቁርሱ የምንለው ጠንከር ያለ ነው። ልጆቹ በሚሄድ መኪና ውስጥ ባይበሉ እንመርጣለን። ፍርፋሪው ቀላሉ ነገር ነው፤ መኪና በድንገት ሲቆም ልጅ የሚያኝከው ምግብ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል፤ ሹፌሯ እናት ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ስለምትነዳ፣ የታነቀ ልጅም ድምፅ ስለማያሰማ፣ አታይም፣ አትሰማም። ለትንንሾቹ ቆሎና ለውዝ በመኪና ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥ። ማለዳ የሚወጡት መጨናነቁን ለመቅደም ከሆነ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀድመው ሳይደርሱ አይቀሩም፤ መኪናውን አቁመው 10 ደቂቃ አብረዋቸው ቢቀመጡ ቁርሱም የእርጋታ ይሆናል፣ ፍርፋሪውም ቦታው ይታወቃል። በኋላ ወንበር ላይ አሮጌ አንሶላ ቢያነጥፉና በየሁለት ቀኑ ግቢ ውስጥ ቢያራግፉት ከመጥረግ ይገላግልዎታል። ቅቤ የነካው ነገር፣ ጨጨብሳም ቢሆን ቂንጬ፣ ከጨርቅ ወንበር ላይ በቀላሉ ስለማይለቅ ለቤት ይቆይ።

ለቆሻሻ ክዳን ያላት አንዲት ትንሽ ዕቃ ትብቃ። ቦታዋ ከሁለቱ ልጆች መካከል፣ በማይንከባለልበት ሁኔታ የታሰረች ትሁን፤ ማርሽ ላይ የሚንጠለጠል ፌስታል እጅ ያደናቅፋልና አንመክርም። በየማታው ትራገፍ። ከመስኮት መጣል ነውርም ነው፣ በከተማችን ያስቀጣልም።

ያንን ባለብዙ ኪስ ማስቀመጫ አይጣሉት። የታችኞቹን ኪሶች በመርፌ ሰፍተው ይዝጓቸውና ላይኛዎቹን ሁለቱን ብቻ ያስቀሩ፤ በአንደኛው ሶፍት፣ በሌላኛው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መጽሐፍ ይቀመጥ።

በመኪናው ውስጥ እንዲያድር የሚፈቀድለት የመኪናው የራሱ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ነው። ስኮርት ጎማ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ፣ ለማስጠንቀቂያ የሚቆመው ሦስት ማዕዘን፣ በመያዣው በደንብ የታሰረ እሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ የእጅ ባትሪ፣ ለክረምት ጃንጥላ። መድኃኒት በዚህ ውስጥ አይካተትም። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢመስልም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከውጭው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 40 ይደርሳል ማለት ነው። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው። ፓወር ባንክና የጋዝ ላይተርም በዚህ ሙቀት ውስጥ ሊፈነዱ ስለሚችሉ በመኪና ውስጥ ተረስተው አይዋሉ። ልጅንም ለአንድ አፍታ እንኳን ብቻውን ትቶ መውረድ እንደማይገባ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም፤ ለሌላ አንባቢ ግን ይጠቅም ይሆናል።

ጥያቄ፦ በስልክ መተግበሪያ ጥሪ የምሠራ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው መኪና ውስጥ ስለሆነ ምሳዬ፣ ጃኬቴ፣ ብርድ ልብሴ፣ ባለ 20 ሊትር ውሃ፣ የመፍቻ ዕቃዎቼ፣ ለችግር ቀን ደግሞ በጀሪካን የያዝኩት ቤንዚን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ተሳፋሪ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ ቦታ አጥቼ አፍራለሁ። በዚህ ክረምት ደግሞ አንዳንዶች መኪናው ይሸታል ይሉኛል፤ ሽቶ ባንጠለጥልም አልጠፋም። ሰዎች የሚረሱትን ዕቃ እንዴት እንደምይዝም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።
ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን እንዳነበቡ ቤንዚኑን ከመኪናው ያውጡ። ነዳጅ ጠፍቶ በማደያ ሰልፍ ያደረ ሹፌር ለምን እንደሚይዝ እንረዳለን፤ ቢሆንም አይሆንም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከመበተን ይልቅ ወለል ለወለል ይሄዳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳን ሊቀጣጠል የሚችል ትነት የሚሰጥ ፈሳሽ ስለሆነ የእኛ አየር ንብረት ለእሱ ሁልጊዜ ሞቃት ነው። የዘይት ጀሪካን ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ክዳኑ ትነቱን አይዘጋም፤ በሚዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ እርስዎም ተሳፋሪዎም ያንን ሲተነፍሱ ይውላሉ። ምናልባትም ሽታ ከሚሉት ውስጥ አንዱ እሱ ራሱ ነው።

የቀረው ሽታ ምንጩ ብዙውን ጊዜ እርጥበት ነው። በክረምት ተሳፋሪው ጭቃና ውሃ ይዞ ይገባል፤ ውሃው ከጎማው ምንጣፍ አልፎ ከሥሩ ወዳለው ጨርቅ ሲወርድ ከላይ ስለተሸፈነ አይደርቅም፤ ከዚያ ይሻግታል። ሽቶ በዚህ ላይ ሲጨመር ሁለት ሽታ ይሆናል፤ አንዳንድ ተሳፋሪ ራሱን የሚያመውም ከሽቶው ነው። ምንጣፎቹን በየማታው አውጥተው ያቁሟቸው፤ ፀሐይ በወጣ ቀን አራቱንም በር ከፍተው የታችኛውን ጨርቅ ያድርቁ። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ በስሱ ነስንሰው ያሳድሩና ጠዋት በቫኪዩም ይሳቡት። ሲነዱም የአየር መቆጣጠሪያው ከውጭ አየር እንዲያስገባ ይሁን፤ የውስጡን ብቻ እያዞረ ከሆነ የተሳፋሪ ትንፋሽና እርጥበት እዚያው ይቀራል፤ መስታወቱም በጉም የሚሸፈነው ለዚህ ነው።

ዕቃ መጫኛው የተሳፋሪው ነው ብለው ያስቡ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ሊመጣ ይችላል። መፍቻዎችዎን በጨርቅ ጠቅልለው ከወለሉ ሥር፣ በስኮርት ጎማው ዙሪያ ባለው ክፍተት ውስጥ ይሸጉጧቸው፤ ሲነዱም አይንኳኩም። ውሃው በ5 ሊትር ይተካ፤ 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ለአነስተኛ መኪና 45 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ጭነት ነዳጁን አንድ በመቶ ያህል ይጨምርበታል። ብርድ ልብሱ፣ ጃኬቱና ምሳው በአንድ ቦርሳ ከፊት ተሳፋሪ ወንበር ሥር ይሂዱ፤ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ለምን እንደማይሆን ለእህታችን በሰጠነው መልስ ውስጥ ተገልጿል። የስልክ ቻርጀር ገመድም አንድ ብቻ ይሁን፤ ከማርሹ ጋር እንዳይጠላለፍ በዳሽቦርዱ ጠርዝ ይሂድ። የወንበር ልብስ ሊያሰፉ ካሰቡ ግን መጀመሪያ የመኪናዎ ኤርባግ ከወንበሩ ጎን የሚወጣ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ በወንበሩ ጎን ኤርባግ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ያንን ጎን የሚሸፍን ልብስ መልበስ የለበትም።

የሚረሳ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በኋላ ወንበር መቀመጫና መደገፊያ መካከል ነው። ተሳፋሪው ሲወርድ ሒሳብ ከመቀበልዎ ጋር ዞር ብለው ወንበሩን ያሳዩት፤ «ዕቃዎን ይመልከቱ» ማለት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። የተገኘው ነገር ከራስዎ ዕቃ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው በአንድ ኪስ ይቀመጥ፣ የተገኘበት ሰዓትና የጉዞው መነሻ ተጽፎ ይያዝበት፣ በዚያው ቀን ለጥሪ ማዕከሉ ይነገር። መኪና ውስጥ እንዳያድር።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለው የዳሽቦርድ ኪስ የዓመታት ወረቀት ስለሞላበት አይዘጋም። ሊብሬውም፣ የመድን ወረቀቱም፣ የጥገና ደረሰኙም ያለው እዚያው ነው። ከየቱ ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አባታችን፣ ሊብሬውን በማውጣት ይጀምሩ። ባለቤትነትን የሚያሳይ ሰነድ በቆመ መኪና ውስጥ ሲያድር፣ መኪናውን የሰረቀ ሰው ወረቀቱንም አብሮ ያገኛል። ሊብሬው ከመንጃ ፈቃድዎ ጋር በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር ሆኖ ከእርስዎ ጋር ይግባ፣ ከእርስዎ ጋር ይውጣ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃም በዚሁ ማኅደር ውስጥ ዘንድሮ የሚሠራው ብቻ ይኑር፤ ዘመናቸው ያለፈባቸው ከዘንድሮው ጋር ተቀላቅለው ሲገኙ በመንገድ ላይ ለትራፊክ ፖሊስ ትክክለኛውን ፈልጎ ማውጣት ከባድ ይሆናል።

ኪሱ ግን መዘጋት አለበት። ተከፍቶ የሚሄድ የዳሽቦርድ ኪስ በግጭት ጊዜ ጠርዙ በቀጥታ የሚያገኘው ከፊት የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ነው። በውስጡ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ እስክሪብቶና ንጹሕ ጨርቅ ቢቀሩ በቂ ነው።

የጥገና ደረሰኞቹን አይጣሏቸው። በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ቤት ውስጥ በአንድ ፋይል ያኑሯቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ዘይት ወይም ሌላ ዕቃ ሲቀየር መኪናው የነበረበትን ኪሎ ሜትር በራስዎ እጅ ይጻፉበት። መካኒኩ መጨረሻ የሞተሩ የጥርስ ቀበቶ (ታይሚንግ ቤልት) መቼ እንደተቀየረ ሲጠይቅዎ የሚመልስልዎት ያ ፋይል ነው፤ አንድ ቀን መኪናውን ለመሸጥ ቢያስቡም ገዢው መጀመሪያ ሊያየው የሚፈልገው እሱን ነው።